በእብድ ስም የረታሁት ርስት

ጣሊያን ከወጣ በኋላ በነበሩት ዓመታት፣ ጎንደር ላይ ሙግት ያለበት ሰው ሁሉ አንድ ቤት ያውቅ ነበር። ወደ ቁስቋም በሚያወጣው መንገድ ዳር ያለ ቆርቆሮ ክዳን ቤት ነው፤ በረንዳው ላይ ባላገር እንደ ገበያ ቀን ይኮለኮልበታል። ሁለት ጠበቆች ባንድነት ይሠሩበታል። ታላቁ ድሮ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበር፤ የጥንቱን ሕግ በግዕዝ በቃሉ ያወርደዋል። የርስት ነገር የሱ ነው። ታናሹ በጣሊያን ጊዜ አስተርጓሚ የነበረ፣ ቦርሳ አንጠልጥሎ የሚሮጥ ሰው ነው፤ ደምና ድብድብ፣ የከተማ ቤትና የማኪና ጣጣ ወደሱ ይሄዳል። ፍቺ የመጣ እንደሆነ ባልየው ላንዱ፣ ሚስቲቱ ለሌላው ይደርሳሉ እያሉ ከተሜዎቹ ይቀልዱ ነበር። እኔም እንደ ቀልድ ሰምቼ ስቄያለሁ።

ስማቸው እኛ አገር ወገራ ድረስ ይሰማል። አምባ ጊዮርጊስ ገበያ ላይ ሁለት ሰው ሲጣላ አንዱ «እነዚያ ቤት እሄድብሃለሁ!» ካለ፣ ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚያው ዛቻው ላይ ያልቃል። ይረታሉ፣ አለቀ። በምን እንደሚረቱ የሚጠይቅ አላየሁም።

አባቴ በጦርነቱ ሞተ። እናቴ እኔንና ታናሽ ወንድሜን ይዛ ጭልጋ፣ አይከል አጠገብ ካሉ ዘመዶች ዘንድ ተጠጋች። እዚያ ለሰው እያረስኩ ጎለመስኩ። እናቴ ስትሞት ወንድሜን ይዤ ወደ ወገራ ብመለስ፣ አጎቴ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ የአባቴን ድርሻ ከራሱ ጋር ቀላቅሎ ያርሳል። «አባትህ አደራ ብሎኝ ነው» አለኝ። «እንግዲያው አደራህን መልስ» አልኩት። «አባትህ ይምጣና ይጠይቀኝ» ብሎ ሞፈሩን አነሳ።

እነዚያ ቤት ሄድኩ። ታላቁ ጠበቃ አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ።

«ለአካለ መጠን ከደረስክ ስንት ጊዜህ ነው?»

«ቆየሁ፣ ጌታዬ።»

«ይርጋ ይዞሃል» አለኝ። ርስቱን ሳይጠይቅ ዘመን ያሳለፈ ሰው አፉ ይዘጋል ማለት ነው።

«ታዲያ ልሂድ?»

«ማን ሂድ አለህ? ይርጋ የማይቆጠርባቸው ሰዎች አሉ። ሕፃን አለ፣ እስረኛ አለ...» አለና ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። «ሌላም አለ። ለኔ ተወው። ችሎት ስንገባ ከኋላዬ አደግድገህ ቁም። ማንም ምንም ቢጠይቅህ እኔን እያየህ ዝም በል። ትችላለህ?»

«ዝም ማለት ምን ያቅታል?»

«ሸጋ!» አለኝ፣ በኛ በባላገሮቹ አነጋገር እየቀለደ።

ጠበቃ የያዘ ሰው ዝም ማለቱ ጨዋነት ነው ብዬ ነበር። ቢሆንም ሳልዘጋጅ አልሄድኩም። ርስት የሚሟገት ሰው ዘሩን መቁጠር አለበት፤ ድንገት ብጠየቅ ብዬ ከአምባ ጊዮርጊስ እስከ ጎንደር መንገዱን ሙሉ አባቴን፣ አያቴን፣ ቅድመ አያቴን፣ እስከ ሰባት ቤት ስቆጥር መጣሁ። ሳልሳሳት አወረድኩት።

ችሎቱ ሙሉ ነበር። አጎቴ ነጭ ኩታ ለብሶ በግራ ቆመ። የኔ ጠበቃ ተነሳና ስለ አባቴ አሟሟት አሳዝኖ ሲናገር አንዳንዱ ሰው ከንፈሩን መጠጠ። ቀጥሎ፣ «ክቡራን ዳኞች፣ ይህ ከኋላዬ የቆመው ሰው አካሉ እንጂ ልቡ አላደገም። በአባቱ ሞት የደነገጠው ድንጋጤ እስከ ዛሬ አልለቀቀውም። ልቡ በጎደለ ሰው ላይ ደግሞ ዘመን አይቆጠርም» አለ።

ለአፍታ ስለ ሌላ ደንበኛው የሚያወራ መሰለኝ። ዘወር ብዬ ከኋላዬ አየሁ። ያ መዞሬም ምስክር ሆነለት፤ ሰዉ ሳቀ።

የመሐሉ ዳኛ በሐዘኔታ ዓይን አየኝ። «አንተ፣ የአባትህ ስም ማነው?»

ምላሴ ላይ ነበር። ጠበቃውን አየሁት። ቅንድቡን እንኳ አላነቃነቀም። ዝም አልኩ።

«በሬና ላምስ ትለያለህ?»

ዝም።

ያን ጊዜ አጎቴ ዘለለ። «ውሸት ነው፣ ጌቶቼ! ይህ ተንኮለኛ እንጂ እብድ አይደለም! ከኔም ከናንተም የተሻለ ልብ አለው! ምነው በሥላሴ! ትናንትና ገበያ ላይ በበግ ዋጋ ሲከራከር ያየሁት ሰውዬ ነው!» ዳኛው ጠረጴዛውን መታና ዝም አሰኘው። ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል ለልቤ የመሰከረልኝ ጠላቴ ብቻ ነበር።

ረታሁ። የአባቴ ድርሻ ይመለስልኝ ተባለ። ርስቱን ራሴ ማስተዳደር ስለማልችል ግን ታናሽ ወንድሜ ሞግዚት ይሁነኝ ተባለ፤ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁት ልጅ። ጠበቃው በረንዳው ላይ ትከሻዬን መታ አደረገና «እንኳን ደስ ያለህ» አለኝ። እጅ ነሳሁት።

ወንድሜ መጀመሪያ መጀመሪያ ይቀልድበት ነበር። «አያ፣ ዘንድሮ ገብስ እንዝራ ባቄላ? ኧረ ረሳሁት፣ አንተን መጠየቅ ክልክል ነው!» እየተሳሳቅን እናርሳለን። እያደር ሳቁ ቀረ፣ አለመጠየቁ ግን ቀጠለ። ሽማግሌ ሲመረጥ እሱን ይጠራሉ። ሠርግ ቤት ስገባ ሰዉ ቦታ ይለቅልኛል፤ ግን ለክብር አይደለም፣ እንዳልወድቅ ነው የሚመስለው።

ከኛ ማሳ በላይ አንዲት ባል የሞተባት ጎረቤት ነበረችን። የባሏ ወንድም የድንበር ድንጋዩን ነቅሎ ወደ ውስጥ ገፋባት። ድንጋዩ መጀመሪያ ሲተከል ባሏና እኔ ነበርን፤ እሱ ጉድጓዱን ሲቆፍር ድንጋዩን ያቀበልኩት እኔ ነኝ። «አያ፣ ካንተ በቀር ያየ የለም» አለችኝ። ልብሴን አሳጥቤ፣ ደስ ብሎኝ ሄድኩ። በመጨረሻ አፌን ከፍቼ እውነት የምናገርበት ቀን መጣ አልኩ።

ችሎት ስገባ የባሏ ወንድም ጠበቃ ዞር አለ። ያው የኔው ታላቁ ጠበቃ ነው።

ለመማል እጄን ሳነሳ፣ «ክቡራን ዳኞች፣ ይህ ሰው ለምስክርነት አይበቃም» አለ፣ ድምፁን እንኳ ሳያነሳ። «ልቡ የጎደለ መሆኑን እዚሁ ችሎት አስረድቼ አስፈርጃለሁ።»

ዳኛው ያው የመሐሉ ነበር። አስታወሰኝ። ራሱን ነቀነቀና «ውሰዱት» አለ።

ያን ጊዜ አፌ ተከፈተ። የአባቴን ስም ጮኼ ተናገርኩ። የአያቴን። የቅድመ አያቴን። እየጮኽኩ እስከ ሰባት ቤት ቆጠርኩት፣ አንድም ሳልስት። በሬ ምን እንደሆነ፣ ላም ምን እንደሆነች ተናገርኩ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። አንድ ፖሊስ ክንዴን ለስለስ አድርጎ ይዞ፣ «ና አባቴ፣ ና፣ ውጭ ነፋስ አለ» እያለ አስወጣኝ። ጎረቤቴ አልሳቀችም። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ መሬት መሬት ታያለች። ማሳዋን እዚያው ተረታች።

ጠበቃውን ቤቱ በረንዳ ላይ ጠበቅሁት። «ምነው ጌታዬ? እብድ አለመሆኔን ካንተ በላይ ማን ያውቃል?»

«እኔ ቃሌን አላጠፍኩም» አለኝ። «ያን ጊዜ ያልኩትን ዛሬም አልኩ። ካስፈለገህ ግን ግባና አቤቱታ ልጻፍልህ። ልቤ ተመልሷል፣ ድሮም ጤነኛ ነበርኩ በል። እኔው ቆሜ አስነሳልሃለሁ። አጎትህ በሕይወት አለ?»

«አለ።»

«እንግዲያው በማግስቱ ሞፈር ይዞ ይመጣል። ጤነኛ ከነበርክ ይርጋው ይቆጠርብሃላ።»

የሚቀጥለው ባላገር ከበረንዳው ተነስቶ እጅ ነሳው። አብረው ገቡ።

ለወንድሜ ነገርኩት። በሬዎቹን እየፈታ ነበር። «ታዲያ አያ፣ ምን ትላለህ?» አለኝ። ከዓመታት በኋላ የጠየቀኝ ጥያቄ ነው። ቀንበሩን ተቀብዬ ከግድግዳው አስጠጋሁት። እሱም «በል ነገ የታችኛውን ማሳ እንደግመዋለን» ብሎ ወደ ቤት ገባ።

ፊደል የቆጠርኩት ከዚያ ወዲህ ነው፣ ጢሜ ከሸበተ በኋላ፣ ከደብሩ ቄስ። ሰዉ «እብዱ ፊደል ጀመረ» አለ። ይበል። ቢያንስ እዚህ ወረቀት ላይ ልናገር ስነሳ ክንዴን ይዞ የሚያስወጣኝ የለም።

የአባቴን መሬት እስከ ዛሬ አርሰዋለሁ። ሸጋ አፈር ነው። ያቺ ጎረቤቴ ወደ ምንጭ ስትወርድ መንገዷ በማሳዬ ዳር ነው። ስድብ ብትሰድበኝ፣ ብትረግመኝ እወድ ነበር። አንድም ቀን ክፉ አልወጣትም። እንስራዋን እንዳዘለች ቆም ትላለች፣ በሽተኛ ሊጠይቅ እንደመጣ ሰው አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ «አያ፣ እግዜር ይማርህ» ትለኛለች።

ዕርፉን እንደያዝኩ፣ «አሜን» እላታለሁ።