ከጎኑ ያለው ወንበር

ኦቲዝም ያለባቸው አዋቂዎች በሚኖሩበት በዚያ ቤት፣ የጠያቂ ቀን ሲሆን ከሁሉ ቀድሞ ሳሎን የሚገኘው እሱ ነው። ጸጉሩ ሸብቷል፤ ሸሚዙ እስከ አንገቱ ድረስ ተቆልፏል። ከጎኑ ያለውን ወንበር ይወለውልና ብርቱካን መላጥ ይጀምራል። የሕፃን ገላ የሚያጥብ ይመስል፣ ነጩን ክር ከየክፋዩ ላይ በእርጋታ ይለቅምና ክፋዮቹን ወንበሩ ላይ ባለች ሳህን ይደረድራቸዋል። ሊጠይቀው የሚመጣ ግን የለም።

አዲሷ ተንከባካቢ የጋበዛት መስሏት አንዱን ክፋይ አንስታ ጎረሰች። አልተቆጣም። ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት ሌላ ብርቱካን አነሳ።

ኩምሽሽ አለች። «ውይ፣ ይቅርታ ጋሼ! የማን ነበር?»

«የእማዬ።»

ምግብ አብሳይዋ በሩ ላይ ሆና ጠራቻትና፣ «እናቱ እኮ ከሞቱ ቆዩ፤ ሲቀበሩም ቆሞ አይቷል» ብላ አንሾካሾከችላት።

ቀስ ብላ የተናገረች መስሏት ነበር። እሱ ግን ሰምቷል።

«አውቃለሁ» አለ፣ ዓይኑን ከብርቱካኑ ላይ ሳያነሳ። «ጥርስ ግን የላትም፤ ክሩ ያንቃታል። እዚያ ማን ይልጥላታል?»