ብረት ሲደክም

ብረት መድከሙን ሰው እንዴት ያውቃል? የዋጃው ገበሬ ኢብሮ ስለ ወንድሙ ስለ ዘካሪያስ ሥራ ሲጠየቅ ይህን መመለስ አይችልም። ዘካሪያስ ከተማ ተቀምጦ የሄሊኮፕተር ክንፍ የሚይዘውን ብረት ናሙና በማሽን ሚሊዮን ጊዜ እያጎበጠና እያቃና የሚፈትን ባለሙያ ነው።

አንበጣው ማሽላውን ሲከብ ኢብሮ ደወለ።

«ወንድም ጋሼ፣ መድኃኒት የሚረጨው ሄሊኮፕተር የት ቀረ?»

«አዲሱ ብረት ፈተናውን አልጨረሰም። ከደከመ ይሰበራል።»

«ብረት ደግሞ ይደክማል? የደከምንስ እኛ!»

«ይደክማል። እንደ አባታችን ነው፤ አይናገርም።»

አባታቸው «ደህና ነኝ» እንዳሉ ነበር ዕርፍ እንደጨበጡ የወደቁት።

በሦስተኛው ቀን፣ ብረቱ ፈተናውን አልፎ፣ ሄሊኮፕተሩ በማሽላው ላይ ሲያንዣብብ ኢብሮ አንበጣውን ረስቶ ክንፉን አየ። «ሱብሃነላህ!» አለ። ሌሊቱን ያልተኛው ዘካሪያስ ግን ሄሊኮፕተሩ በሰላም ማረፉን እስኪሰማ አልተኛም፤ የተኛው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነበር።