ብርቅዬ በኬ፣ ብርቅዬ በኪው

ብርቅዬ መዝገቡ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች ቡታጋዝ ፈንድቶ ቀኝ እጇ ተቃጠለ። ሁለት ጣቶቿ ተጣብቀው ቀሩ። ሰባት ወር ከትምህርት ቤት ቀርታ በግራ እጇ መጻፍ ተማረች። አባቷ አስኮ ሰፈር የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ነበራቸው፤ ልጅቷ የተበላሸ ሬዲዮ እየፈታች አደገች። ዛሬ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ እዚያው ሱቅ ውስጥ ማሽን የሚቆጣጠር ትንሽ የኮምፒውተር ቦርድ ትገጥማለች።

እኔ ኮምፒውተር የነካሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ስለሆነ እንደገባኝ እጽፋለሁ። በቦርዱ ውስጥ ሥራውን ሁሉ የሚመራ ከርነል የሚባል ፕሮግራም አለ። ከርነሉ ግን ምን ዕቃ የት እንደተገጠመ በራሱ አያውቅም፤ አብሮት ከሚመጣ የመግለጫ ፋይል ያነባል። ፋይሉ ከተሳሳተ ያለው ዕቃ እንደሌለ ይቆጠራል።

ሳንሱሲ የሚኖሩትን የእትዬ ዘይነባን የጫጩት መፈልፈያ ማሽን ቦርድ የገጠመችው ብርቅዬ ናት። ቦርዱን ያመረተው ፋብሪካ የሙቀት መለኪያውን ቦታ ቀይሮ ነበር፤ ፋይሉ ግን የድሮውን ይናገራል። ብርቅዬ ሁለት መስመር አርማ ማሽኑን አስነሳችው። ከወራት በኋላ ቦርዱ በኢንተርኔት ራሱን ሲያድስ እርማቷ ጠፋ፤ ማሞቂያው ቆመ። ሊፈለፈሉ ሦስት ቀን የቀራቸው አራት መቶ እንቁላሎች በረዱ። መልሳ ብታርመውም በሚቀጥለው ማደስ ይጠፋል፤ ማደሱን መዝጋት ደግሞ አይቻልም፤ ሻጩ ቆልፎታል።

ያለው መፍትሔ እርማቱን ከርነሉን እያረሙ ለሚያወጡት ሰዎች ልኮ ከዋናው ፋይል ውስጥ ማስገባት ነበር። ላከች። ከሳምንት በኋላ መልስ መጣ፤ ላኪዋና ፈራሚዋ ሁለት ሰዎች ይመስላሉ አሏት። ለካ በኢሜይሏ ላይ የስሟን ‹ቅ› በኬ (K)፣ በፊርማዋ ላይ በኪው (Q) ጽፋዋለች። የእኛ ሰው ስሙን በላቲን ፊደል ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አድርጎ ጽፎ አያውቅም።

እትዬ ዘይነባ ይህን ሲሰሙ ሳቁ። «ሁለት ከሆናችሁማ አንዷ እዚህ እንቁላሉ ጋ ትቀመጥልኝ፤ ሌላዋ ትጻፍላቸው» አሏት።

አስተካክላ መልሳ ላከች። የመቀበያው ጊዜ አልፏል፣ ቀጣዩን ዙር ጠብቂ ተባለች። ጠበቀች። ከሁለት ወር በኋላ የመጣው መልስ ግን ሌላ ነበር፤ ቦርዱ መመረት ስላቆመ፣ የሚጠቀምበትም ሰው ስለማይታወቅ፣ ፋይሉ ጭራሹን ከከርነሉ ይወጣል የሚል። እኛ እንጠቀምበታለን ብላ ጻፈች። ስንት ናችሁ ብለው ጠየቋት። ስታስብ ዋለች። የምታውቀው ያንኑ የእትዬ ዘይነባን ማሽን ብቻ ነው። እውነቱን፣ «አንድ» ብላ መለሰች። ከዚያ ወዲህ የጻፈላት የለም።

እትዬ ዘይነባ ማሽኑን በላስቲክ ሸፍነው አስቀመጡት። ባለፈው ቅዳሜ ሱቋ ተቀምጠን ሳለ፣ ከዚህ ሁሉ የበለጠ የቆጨሽ ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኋት። እጇ ላይ የነበረውን ቦርድ አስቀመጠች።

«ፋይሉስ ይቅር፣ ጋሼ» አለችኝ። «እትዬ ዘይነባ ያንን ማሽን አስነስተው ልቅሶ ይደርሱ፣ ገበያ ይወጡ ነበር። ሰው የሠራሁትን አምኖ ዞር ማለቱ፣ ለእኔ ትልቁ ነገር እሱ ነበር።»