ስሙ እስኪጸና

የታመምኩት አንድ በሽታ ነው ወይስ ብዙ? ዛሬም መልሱን አላውቀውም። ሐኪሞቹን ጠይቄያለሁ። አንዱ፣ «ከመጀመሪያውም ያው ነበር፤ እኛ ነን ቀስ እያልን የደረስንበት» አለኝ። ሌላዋ ደግሞ፣ «በሽታውም ራሱ እየቆየ መልኩን ይለውጣል» አለችኝ። ሁለቱንም አመንኳቸው። የቸገረኝም ይኸው ነው።

መጀመሪያ አሜባ ነበር። በምኖርበት በጭሮ ከተማ ሆዱን ቆርጦት አሜባ ነው ያልተባለ ሰው ያለ አይመስለኝም። ደም ሲያስቀምጠኝ ኪኒኑን እውጣለሁ፣ ጥቂት ይሻለኛል፣ ተመልሶ ይመጣል። ከስቼ ልብሴ ሲሰፋኝ የአንጀት ቲቢ ነው ተባልኩ። ለወራት ሽንቴን የሚያቀላ መድኃኒት ወሰድኩ።

ያኔ ለታላቅ እህቴ ነገርኳት። ገለምሶ ሱቅ አላት። እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ናት። የዒድ ዕለት ባሏም፣ ልጆቿም፣ እኔም ከአንድ ትሪ ነበር የምንበላው። የዚያን ዓመት ግን ለብቻዬ በሳህን አቀረበችልኝ። «ለልጆቹ ብዬ ነው፣ እንዳይከፋሽ» አለች። አልከፋኝም አልኳት። የልጆቹ እጆች ትሪው ላይ ሲጋፉ እያየሁ በላሁ።

መድኃኒቱን ብጨርስም ደሙ አልቆመም። ሐረር ሄጄ አንጀቴ በካሜራ ሲታይ፣ ቲቢ አይደለም ተባለ። ሰውነት የገዛ አንጀቱን ሲያጠቃ የሚመጣ የትልቁ አንጀት ቁስለት ነው፤ ወደ ሰው አይተላለፍም። የዚያኑ ቀን ገለምሶ መብረር አማረኝ። ግን እኔ ነገር ሳላጣራ አልናገርም። ፊደል የቆጠርኩት ትልቅ ሰው ሆኜ ነው፤ ከልጆች ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ከመሳሳት ዝም ማለትን ለምጄ ወጣሁ። አሜባ ብያት፣ ቲቢ ብያት፣ አሁን ደግሞ ሌላ ስም ይዤ ልሂድ? ስሙ ይጽና አልኩ። ስሙ አልጸናም። ከዓመታት በኋላ ትንሹ አንጀቴም ላይ ቁስል ተገኘና፣ ክሮንስ የሚባል ሌላ የአንጀት በሽታ ነው ተባለ።

እስከዚያው ገለምሶን አላየሁም። ሆዴ ሲያጣድፈኝ ቀጠሮ አይሰጥም፤ ሰው በታጨቀበት ሚኒባስ ያን ሁሉ ጠመዝማዛ መንገድ እንዴት እዘልቀዋለሁ? እህቴ ስትደውል ሥራ በዛብኝ እላታለሁ። ከንግግሯ ይልቅ ከጀርባዋ ያለውን አዳምጣለሁ፤ ስኳር የሚያስመዝነውን ደንበኛ፣ የልጆቹን ጭቅጭቅ። ከዘጋችም በኋላ ስልኩን ከጆሮዬ አላነሳውም። በመናኸሪያው በኩል ሳልፍ ወያላዎቹ «ገለምሶ! ገለምሶ! አንድ ሰው!» ሲሉ እግሬ ይዘገያል። ያ አንድ ሰው እኔ የሆንኩ ይመስለኛል።

ባለፈው ክረምት እህቴ ለሱቋ ዕቃ ልትሸምት ጭሮ መጣችና፣ ሳትነግረኝ ቤቴ ገባች። ሳትቀመጥ ጀመረች።

«አቦ፣ መጽሐፍ ያነበበ ሰው እህት የለውም እንዴ? ናቅሽን አይደል?»

«አልናቅኳችሁም።»

«ታዲያ ምንድን ነው? ወላሂ፣ ዛሬ ሳትነግሪኝ ከዚህ አልወጣም።»

ከአሜባው ጀምሬ በተራ ነገርኳት። ቲቢ እንዳልነበረ ስትሰማ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። እኔ ግን ቀጠልኩ፤ የአሁኑም ስም ቢሆን ወደፊት ሊለወጥ እንደሚችል፣ ሐኪሟ ያለችውን ሳላዛባ ላስረዳት ስሞክር አቋረጠችኝ።

«ስሙን ማን ጠየቀሽ? ያምሻል ወይ?»

ያመኛል አልኳት። መንገዱን እንደምፈራው፣ ሰው መሀል እንዳልዋረድ ብዬ እንደቀረሁም ነገርኳት።

«እና ሹፌሩን አቁም አትይውም? ሚኒባስ እኮ ነው፣ የማይቆም የጫት መኪና መሰለሽ እንዴ?»

ሳቄ መጣ። እሷ አልሳቀችም።

«ልጆቹ፣ አክስታችንን ምን አድርገናት ነው የቀረችው ሲሉኝ የምመልሰው አጣሁ እኮ» አለች። ከዚያ ክንዴን ይዛ አስነሳችኝ። «ልበሺ፤ አብረን ነው የምንሄደው። እኔ አስቆመዋለሁ።»