ግንብ ያላዳነው ልዑል

አጎቴ ካረፉ ወዲህ ደቡብ አፍሪካ፣ ቴምቢሳ ባለው ሱቃችን ደጃፍ ይቀመጡበት የነበረው የለስላሳ ሳጥን ባዶውን ነው።

ሌላው ነጋዴ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ሸጦ እዚያው ያድራል። እሳቸው ግን አመሻሽ ላይ ወጥተው ጎረቤቱን ሁሉ በየስሙ በዙሉ ሰላም ይሉ ነበር። «ኧረ ይግቡ፣ ዘራፊዎች ይመቱዎታል!» ስላቸው ሁልጊዜ ያቺኑ ታሪክ ይነግሩኛል።

«የቻይና ሥርወ መንግሥት ሲፈራርስ አንድ የክፍለ ሀገር ልዑል ተነሣ። ከወታደሩ ጋር እየበላ ብዙ ከተማ ያዘ። ከገነነ በኋላ ግን ሰው ፈራ፤ ግንብ አሠርቶ ውስጡ ተቀመጠ። ጠላት ሲመጣ በሩን የከፈቱለት የልዑሉ የገዛ ዘበኞች ናቸው። ፊቱን ረስተውት ነበር፣ ልጄ።»

ትናንት ሱቆች ሊዘረፉ ነው የሚል ወሬ መጣ። ቆልፌ ተቀመጥኩ። ጩኸቱ እየቀረበ ሳለ አንድ ሰው ፍርግርጉን ነቀነቀ።

«የማሉሜ ልጅ፣ ክፈቺ!»

ሰፈሩ አጎቴን ማሉሜ ነበር የሚላቸው፤ በዙሉ «አጎት» ማለት ነው። ሰውየው ሊያስጥለኝ ይምጣ ሊዘርፈኝ፣ በምን ልወቅ? እሳቸው ቢኖሩ በድምፁ ብቻ ይለዩት ነበር። አልከፈትኩም። ደጋግሞ ጠርቶኝ ሄደ።

ዛሬም ቆልፌ ተቀምጫለሁ። አጎቴ ቁልፉን ትተውልኛል፤ የሰውየውን ስም ግን ይዘውት ሄደዋል።