አታበድሩ የተባልነው ጨው

ወሬውን የሰማሁት ሞጣ፣ ጊዮርጊስ ደጃፍ ላይ ነው። ቅዳሴ አልቆ ልወጣ ስል ከቢቸና እህል ጭኖ የመጣ የአገራችን ሰው በቅሎውን ጥግ አስሮ ቆሞ አየኝ። እንደ ወትሮው የእናቴን ሰላምታ፣ የላሟን መውለድ፣ የጎረቤት ክርስትና ይነግረኛል ብዬ ስጠብቅ፣

«እኅትሽ ተለካች» አለኝ።

«ምኗ?»

«አንገቷ። በሜትር። የለካት ፈረንጅ ነው።»

«ለምን ሲባል?»

«እኔ ምን አውቄ! መጀመሪያ ከወንዙ ውኃ በጠርሙስ ቀዱ። ቀጥለው ከማሳው አፈር በከረጢት ዘገኑ። ከዚያ ሰዉን አሰልፈው አንገት አንገቱን ለኩት። አሁን ደግሞ ጨው እያደሉ ነው።» ጠጋ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በነጻ።»

ከሁሉ ያስደነገጠችኝ ይህች የመጨረሻዋ ቃል ናት። ንጉሡ ገና ዙፋናቸው ላይ የነበሩበት ዘመን ነው፤ እኔም ሞጣ ከተዳርሁ ብዙ አልሆነኝም። በእኛ አገር «ሊለካ ነው» የሚባል ነገር በበጎ አይሰማም ነበር። መሬት ሊለካ ነው ከተባለ ግብር ሊጨመር ነው፣ ርስት ሊነቀል ነው ተብሎ ወንዱ ጠመንጃውን ይወለውላል። ጨው ደግሞ በበቅሎ ተጭኖ፣ በረሃ አቋርጦ የሚመጣ ነገር ነው። እሱን በነጻ የሚያድል ሰው ምን ሊወስድ አስቦ ነው?

ባሌን አስፈቅጄ ከተመላሾቹ ነጋዴዎች ጋር ተነሣሁ። ግንደወይን ባደርንበት ቤት ወሬው ቀድሞን ደርሷል። «መሬታችሁን አናስለካ ብትሏቸው ወደ አንገታችሁ ዞሩ አሉ!» ብሎ የቤቱ ጌታ ሳቀብን። ሁሉም ሳቀ። እኔ ግን በኅሊናዬ ዳዊት እየደገምሁ አደርሁ።

ስለ እኅቴ መናገር አለብኝ። ታላቄ ናት። በሰፈራችን እንቅርት የሌለበት ቤት ጥቂት ነበር፤ ትንሿን እንቅርት ማንም እንደ ነውር አይቆጥራትም። የእኅቴ ግን ሌላ ነበር። ከአገጯ ሥር ተነሥቶ እስከ ደረቷ አፋፍ ወርዷል፤ ጋደም ስትል ትንፋሿን ያፍናታል። ስለዚህ ጀርባዋን ለምሰሶው ሰጥታ፣ ተቀምጣ ነው የምትተኛው። ታናሿ ሆኜ እኔ ቀድሜ የተዳርሁትም በዚሁ ነው፤ ሽማግሌ የላኩባት ሰዎች ትንፋሿ ሲያፏጭ ሰምተው ሄዱ፣ አልተመለሱም።

ገና ከቤት ስገባ እናቴ እንባዋን ዋጥ አድርጋ ጀመረች።

«ማተብሽን ፍቺ አላት እኮ! ክርስትና የተነሣችበትን!»

«ፍቺ አላለኝም እማዬ። ከፍ አድርጊው ነው ያለኝ» አለች እኅቴ።

«አስተርጓሚው ፍቺ ነው ያለው። በዚህ ጆሮዬ ነው የሰማሁት።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐኪሙ ሜትሩን በአንገት ላይ ሲያዞር የማተቡ ክር አስቸገረው። ማተብ ይውለቅ ሲባል ሰልፉ ተበተነ፤ ሃይማኖት ሊያስለውጡ የመጡ ናቸው ተባለ። ጭቃ ሹሙ ለምኖ የመለሰው የነፍስ አባታችንን አስጠርቶ ነው። አባም አሰቡና «ክሩን ወደ ላይ ስባችሁ በጥርሳችሁ ያዙት፤ ከሰውነታችሁ አይለይ» ብለው ፈቀዱ። ከዚያ በኋላ ሴቱ ሁሉ ማተቡን ነክሶ፣ ዐይኑን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ተለካ። እኅቴ ይህን ስትነግረኝ ሳቀች፤ ስትስቅም ትንፋሽ አጠራት።

ጨዉን አሳዩኝ አልሁ። እናቴ ከቆጥ ላይ አወረደችው። እንደ ዱቄት የላመ ነጭ ጨው ነው፣ በአቡጀዴ ከረጢት፣ አፉ በጥቁር ክር የታሰረ። አገራችን የሚያውቀው አሞሌ ነው፤ የሚፈለጥ፣ የሚወቀጥ። ይህኛው ጨው አልመሰለኝም።

«ለምን ጥቁር ክር?»

«እሱ ነው እኮ! ለግማሹ ሰው ቀይ፣ ለግማሹ ጥቁር። ልዩነቱ ምንድን ነው ብንለው አስተርጓሚው ‹እኔ አላውቅም፣ ሐኪሙም አያውቀውም› አለን።»

«የሚሰጠውን የማያውቅ ሐኪም?»

«የሚያውቀው አዲስ አበባ ነው አሉ።» እናቴ ከረጢቱን በሁለት ጣቷ ብቻ ነበር የያዘችው። «ደግሞ ቀዩን ከጥቁሩ አትቀላቅሉ፣ ለጎረቤት አታበድሩ፣ አትበደሩም ተባልን።»

አስተርጓሚው ከማርቆስ የመጣ፣ ትምህርት የዘለቀው ወጣት ነበር። እሱ ለሕዝቡ የነገረውን እኅቴ ቃል በቃል ይዛዋለች። ሐኪሞቹ ከክረምቱ በኋላ ተመልሰው ይለካሉ፤ ጨዉ እንቅርት የሚያጎድል ሆኖ ከተገኘ ለአገሩ ሁሉ ይመጣል፤ ካልሆነ ይቀራል። እኅቴ ከዚህ ሁሉ የሰማችው «የሚያጎድል» የምትለዋን ነው።

«ስጪኝና ልብላው» አለቻት እናቴን። «ተቀምጦ ከማደር የባሰ ምን ያመጣብኛል?»

«እኔ በእጄ መርዝ አላበላሽም።»

በማግስቱ የጎረቤታችን አሮጊት፣ እንደ ልማዷ ዕቃ ይዛ ጨው ልትበደር መጣች። እናቴ ዕቃውን ባዶውን መለሰችላት። ጨው ለጎረቤት ስትነሣ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ገባኝ» አለች አሮጊቷ፣ ምድጃው አጠገብ እየተቀመጠች። «የእኔ ቀዩ ነው። ፈርቼው ነው ከጥቁሩ ልለምንሽ የመጣሁት።»

«እኔም እኮ ያንቺን ነው መድኃኒት ያልሁት!»

ሁለቱም ተያዩ። ከዚያ አሮጊቷ ጭኗን መታች።

«ወንፊት ተበዳደሩ፣ እሳት ተበዳደሩ፣ ጨው ግን አትበዳደሩ! ሰውን ከጎረቤቱ የሚለይ መድኃኒት ከማን እንደሚመጣ እኔ አልነግርሽም፤ አባን ጠይቂያቸው።»

ተጠየቁ። አባም ብዙ አላወሩም፤ «አንዱ ቤት ብቻውን የሚጠፋበት ወይም ብቻውን የሚድንበት ነገር ለማኅበረ ክርስቲያን አይሆንም» አሉ። የሰፈሩ ሴት ሁሉ ያለችበት የማርያም ማኅበር በዚያ ወር የእናቴ ተራ ነበር። ማኅበርተኛው ሁሉ ከረጢቱን ይዞ እንዲመጣ ተነጋገሩ። አሮጊቷ ደግሞ ሌላ ነገር ጨመረች፤ «አስተርጓሚውንም እንጥራው። ክርስቲያን አይደል?»

በማኅበሩ ቀን ሰፊ ገበታ መሐል ላይ ቀረበ። አባ ጸሎት አደረሱ። ሴቶቹ አንድ በአንድ እየተነሡ ክር እየፈቱ ጨዋቸውን ገበታው ላይ ዘረገፉት። ነጭ በነጭ ላይ ሲወርድ ቀዩ የቱ፣ ጥቁሩ የቱ እንደነበር መለየት ቀረ። እናቴ በሁለት እጇ አገላበጠችውና በጣሳ እየሰፈረች ለሁሉም እኩል መለሰችላቸው። ከዚያው ጨው ወጡ ላይ ተደረገ።

አስተርጓሚው ዘግይቶ መጣ። ደስ ብሎት፣ የአባን መስቀል ተሳልሞ ተቀመጠ። ሽሮው ቀረበለት።

«ብላ ልጄ» አለችው አሮጊቷ።

«እናንተስ እማማ?»

«እንግዳ ሳይቀምስ? ምን ነካህ!»

እጁን ሰደደ። ወዲያው ዐይኑ ገበታው ላይ የቀረውን ነጭ ብናኝ፣ ምድጃው ዳር የተጣለውን ቀይና ጥቁር ክር አየ። ጉርሻውን እንደያዘ ቀረ።

«ምን አደረጋችሁ?»

«ምን አደረግን? ጨው ተካፈልን።»

«ይህ ሁሉ ሥራ… ይህ ሁሉ ድካም እኮ ከንቱ ሆነ!»

«መርዝ ነው?»

«ኧረ አይደለም እማማ!»

«እንግዲያስ ብላ።»

በላ። እኛም ዐይናችንን አፉ ላይ ተከልን። ሲውጥ አየነው፣ ደግሞ ሲቆርስ አየነው። ጨምሩልኝ ሲል ነው ሴቱ ሁሉ ትንፋሹን የለቀቀው። አሮጊቷ «አዬ፣ የፈረንጅ ልጅ! ፊትህ እኮ የሙሽራ ፊት መሰለ!» ስትለው ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሱ ግን አልሳቀም።

ሲወጣ እስከ አጥሩ ሸኘሁት። አላመንሁትም ነበርና ጠየቅሁት።

«ለሐኪሙ ትነግረዋለህ?»

«ብነግረው የቀረውን ጨው ይሰበስበዋል። ባልነግረው ደግሞ…» አልጨረሰውም። «ተቀምጣ የምትተኛዋ የማን ልጅ ናት?»

ወደ ቤት አሳየሁት። እኅቴ ምሰሶዋን ተደግፋ ጽዋ ይዛለች። ቆሞ አያትና ሄደ።

እኔ ሞጣ ተመለስሁ። ክረምቱ አልፎ፣ ለጥምቀት ልጠይቃቸው ስመጣ ሰዓቱ ገና ከቀትር በኋላ ነው፤ ቤቱ ጭር ብሏል። እኅቴ መደቡ ላይ በጀርባዋ ተዘርግታለች። እንደዚያ ተኝታ አይቻት ስለማላውቅ የሞተች መሰለኝ። ተንደርድሬ ጆሮዬን ደረቷ ላይ ስጥል ብንን ብላ «ምን ሆንሽ አንቺ? እንቅልፍ እንኳ አታስተኚኝም?» ብላ ተቆጣችኝ። አንገቷን በእጄ ዳሰስሁት። ያ ድንጋይ የነበረው ለስልሷል፤ ጎድሏል ማለት ነው። እናቴ ለእመቤታችን ጃንጥላ ተስላ ነበር። እኔም እግዚአብሔርን አመሰገንሁ፤ ልቤ ግን ይህ ነገር ዋጋ ያስከፍላል እያለ ይጠረጥር ነበር።

ሐኪሞቹ በዚያው ሳምንት መጡ። የቢቸና ተማሪዎች ዳር ቆመው እያዩ፣ ሴቱ ማተቡን ነክሶ እንደገና ተለካ። ሐኪሙ የቀዩን በአንድ ወገን፣ የጥቁሩን በሌላ ወገን ለይቶ እየጻፈ ዋለ፤ መሸት ሲል ግንባሩን አሻሸ። ከዚያ በአስተርጓሚው በኩል ጠየቀን፣

«ሳትቀላቅሉ፣ ሳትበዳደሩ ነው የበላችሁት?»

«እንዳላችሁን» አለች አሮጊቷ። ሌላው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ።

አስተርጓሚው ወደ ሐኪሙ ዞሮ በእንግሊዝኛ ተናገረ። የአሮጊቷ መልስ አንዲት ቃል ናት፤ የእሱ ትርጉም ግን ረጅም ነበር። ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ፣ ሰልፉን ከዳር እስከ ዳር አየው። ተናድዶ ይሁን አዝኖ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። አንድ ሁለት ቃል ተናግሮ ዕቃውን መሰብሰብ ጀመረ።

«ሁለቱ ጨው አንድ ሆነበት» አለን አስተርጓሚው። «ልዩነት አላገኘም። ጨዉ ይቀራል።»

«እኔ ግን ጋደም ብዬ ነው የምተኛው!» አለች እኅቴ ከሰልፉ ወጥታ። «ንገረው እንጂ! በጀርባዬ ነው የምተኛው በለው!»

ነገረው፣ ወይም የነገረው መሰለን። ሐኪሙ ፈገግ ብሎ ትከሻዋን ነካ አደረጋት። ከዚያ ወዲህ አላየናቸውም።

የቀረው ጨው እስከ ፍልሰታ እንኳ አልደረሰም። በተከታዩ ክረምት እኅቴ ወደ ምሰሶዋ ተመለሰች። ከብዙ ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ወስደናት እንቅርቱ በቀዶ ሕክምና ተወገደላት። ዳነች፤ ድምፅዋ ግን ከዚያ ሆስፒታል አልተመለሰም። ዛሬም ቢቸና ናት፣ አላገባችም፤ ስታወራ ሹክሹክታ ብቻ ነው የሚወጣት።

እኔ ባሌ ሥራ ባገኘበት ድሬዳዋ ኑሮዬን ካደረግሁ ዕድሜ ሆነኝ። እዚህ ጎረቤቴ የሆነች ነርስ ናት ጉዳዩን ያስረዳችኝ። አንደኛው ጨው መድኃኒት ያለበት፣ ሌላኛው ባዶ ጨው ነበር አለችኝ፤ ልዩነቱን ለማየት እንዲህ ነው የሚመረመረው። «ስትቀላቅሉት መድኃኒቱ ለሁላችሁም ደረሰ፤ ስለዚህ ልዩነት ጠፋ» አለች። የምርመራውን ነገር አመንኋት። ከልቤ ያልወጣው ግን ሌላ ነው። የነፍስ አባታችን እንኳ ሳይነገራቸው፣ ከሰፈሩ ለግማሹ ባዶ ጨው በመድኃኒት መልክ ሲሰጥ ማን ነበር የፈቀደው? ተቀምጣ የምታድር ሴት ፊት ቆሞ ክር የሚመርጥ እጅ ምን ዓይነት እጅ ነው? እናቴ በሁለት ጣቷ የያዘችው በከንቱ አልመሰለኝም።

እኅቴ ግን በጨዉም በፈረንጁም ቂም የላትም። የምታነሣው አስተርጓሚውን ነው። እኔ የማኅበሩን ነገር ደብቆላታል፤ ጨዉ እንዳይነጠቅባት ብሎ ሲዋሽ ለአገሩ ሁሉ ሊመጣ የነበረውን ጨው አስቀረው እላለሁ። እሷ ደግሞ እውነቱን ተናግሯል፤ ሐኪሙ ነው በእልህ የተወን ትላለች። ስልክ በተደዋወልን ቁጥር ይህንኑ እንጨቃጨቃለን፤ እኔ እየጮኽሁ፣ እሷ እያንሾካሾከች። ሰውየውን በየጸሎቷ ታነሣዋለች፤ ይቅር በለው ትበል ወይስ ዋጋውን ክፈለው፣ አላወቀችም።

ስለዚህ፣ ወንድሜ፣ በሕይወት ካለህ፣ ያን ቀን በእንግሊዝኛ ምን እንዳልህ ንገራት። በዚያ ሰልፍ አጠገብ ቆማችሁ የነበራችሁ የቢቸና ተማሪዎችም፣ ከቋንቋው ጥቂት የሰማችሁ ካላችሁ፣ የሰማችሁትን ያህል ንገሯት። ወደ እኔ አትጻፉ። ቤቷ ሂዱ፤ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ፤ ስትጠይቃችሁ ድምፅዋ ሩቅ አይሰማምና።