የጠፋው ዜና አንባቢ

ብርሃነሽ ዓይናማ ሰው ትንቃለች። በአራት ዓመቷ ኩፍኝ ዓይኗን ከወሰደባት ጀምሮ ሲመሯት፣ ሲያዝኑላትና መንገድ ሲያሳስቷት የኖሩት እነሱ ናቸው። ሰበታ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ብሬል አስተምራ ጡረታ ስትወጣም ሐሳቧን የምትለውጥበት ምክንያት አላገኘችም።

ቴሌቪዥኗ የተበላሸው ሐሙስ ዕለት ነው። የዜናው መክፈቻ ሙዚቃ እንደወትሮው ቤቱን ሞላው፤ አንባቢው ሲጀምር ግን ድምፁ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ እንደሚናገር ሰው ራቀ። ድራማውም ያው ሆነ። ዝናቡ ይሰማል፣ ክራሩ ይሰማል፣ ሰዎቹ የሉም።

መጀመሪያ የመጡት ጎረቤቷ አቶ ውብአየሁ ናቸው፤ ከክር ፋብሪካ ጡረታ የወጡ፣ የማያውቁት ነገር የሌለ ሰው። ሪሞቱን ተቀብለው ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈቱት። ሙዚቃው መስኮቱን አንቀጠቀጠ፤ አንባቢው ከጉድጓዱ አልወጣም። ጣቢያው ተበላሽቷል ብለው ፈረዱ። የእርስዎ ቤትስ እንዴት ነው ብትላቸው፣ የእኔማ ጥርት አድርጎ ይናገራል አሉና ምን እንዳሉ ሳያስተውሉ ወጡ። ብርሃነሽ ሪሞቱን በቀሚሷ ጠረገችው።

በማግስቱ አብራት የምትኖረው የወንድሟ ልጅ ያኔት ሌንጮን ጠራችው። ሌንጮ ገበያው አጠገብ የቴሌቪዥን መጠገኛ ሱቅ አለው።

«አካም ጅርቱ፣ እትዬ» እያለ ገባ። ቴሌቪዥኑን ከፍቶ ፊቱ ቆመና «ምስሉ በጣም ጥሩ ነው» አለ።

ይህን ለእሷ የሚነግር ሰው ምን ይባላል?

ከዚያ የሪሞቱን ቁልፎች ሲጫን ቆየ። ቋንቋውን ቀየረ፣ ጣቢያዎቹን አጥፍቶ እንደገና ፈለገ፣ ዲሹንም ጣሪያ ላይ ወጥቶ ነካካው። ይህን ሁሉ ሲያደርግ አንድ ጊዜ እንኳ ዝም ብሎ አላዳመጠም። በመጨረሻ የድምፁ ቦርድ ተቃጥሏል፣ ወደ ሱቅ መሄድ አለበት አለ።

«ከተቃጠለ ሙዚቃው በየት በኩል ወጣ?»

ሌንጮ ጥቂት አሰበና ቦርድ አንዳንዴ ግማሹ ብቻ ይቃጠላል አላት። የቤት ሥራውን ያልሠራ ተማሪ እንዲህ ነበር የሚያወራው። እንዲህ ያለውን ከክፍል ታስወጣው ነበር፤ ይህኛውን ፈቀቅ በል አለችው።

ድምፁ የሚወጣው ያኔት ለዘመን መለወጫ ከገዛችው ረጅም ስፒከር ነው። ብርሃነሽ ጆሮዋን አስጠጋችለት፤ ከዚያ ገመዱን በጣቷ ተከትላ እስከ ቴሌቪዥኑ ጀርባ ደረሰች። መሰኪያው ግማሹ ወጥቷል፤ እንዲህ ሲሆን ሙዚቃው ያልፋል፣ በግራና በቀኝ እኩል የሚመጣው የሰው ድምፅ ግን እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ረቡዕ ዕለት ያኔት ለእንግዶቿ ምስሉ እንዲታያቸው ብላ ቴሌቪዥኑን ወደ ሶፋው አዙራው ኋላ ስትመልሰው ገመዱ ተጎትቶ ኖሯል። አሁንም ምስል!

መሰኪያውን ነቀለችው። አንባቢው በቴሌቪዥኑ በራሱ ቀጭን ድምፅ መናገር ጀመረ፤ ቦርዱ ምንም አልሆነም። መልሳ ቀጭ እስኪል ገፋችው። ሰውየው ሙሉ ሆኖ ከስፒከሩ ወጣ፤ ስለ ስንዴ ምርት ነበር የሚያወራው።

«ገመዱን እኮ አይቼው ነበር» አለ ሌንጮ። «የተሰካ ነው የሚመስለው።»

«ይመስላል» አለችው።

እሱ ከሄደ በኋላ ያኔት ተቆጣች። ሰውየው አፍሮ ሻይ እንኳ ሳይጠጣ መውጣቱ አሳዘናት። ብርሃነሽን አላሳዘናትም። ማፈር ይጠቅመዋል ብላ ዜናዋን ቀጠለች።

በሳምንቱ ሌንጮ ተመልሶ መጣ። ቡራዩ ካለ ደንበኛ የተቀበለውን አምፕሊፋየር ታቅፏል። ባለቤቱ ውስጡ ያፏጫል ይላል፣ ለእኔ አልሰማ አለኝ፣ እስቲ ያዳምጡልኝ ሲል ለመናት። ብርሃነሽ ዜናው እስኪያልቅ ዕቃውን እንደታቀፈ በር ላይ አቆመችው። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ እንዲያስቀምጠውና አፉን እንዲዘጋ አዘዘችው። ጎንበስ ብላ ማዳመጥ ስትጀምር ትንፋሹ ረበሻት፤ ግቢ ወጥቶ እንዲጠብቅ ነገረችው። ወጣ።